ሽማግሌ ተቀምጦ ሳለ

እሌኒ ከመኝታ ቤቷ በር ጀርባ ቆማ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ሳሎኑን ታያለች። ሽማግሌ ሲቀመጥ ልጅት አትታይም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ቢሞላትም፣ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷ ብትሆንም፣ ወግ ወግ ነውና ተደብቃ ትሰማለች።

ሦስቱ ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ተደርድረዋል። አባቷ አቶ ወልደገብርኤል ጋቢያቸውን ደርበው ፊት ለፊታቸው ተቀምጠዋል። ልጅቷን የሚያስለምነው ባስልኤል ደግሞ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን ውስጥ ነው። እሱ የሚኖረው እንግሊዝ አገር፣ ከለንደን ብዙ በራቀ የገጠር መንደር ነው፤ እነሱ ያሉት ካናዳ፣ ቶሮንቶ፣ ጄን ኤንድ ፊንች በሚባለው ሰፈር፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ። ሱፉን ለብሶ፣ ከረባቱን አጥብቆ፣ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ኋላ ፈተና እንደሚጠብቅ ተማሪ ቀጥ ብሏል።

በወጉ ቢሆን ሙሽራው እዚህ ምን ይሠራል? ሽማግሌ ልኮ ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል እንጂ። አቶ ወልደገብርኤል ግን ሽማግሌዎቹን ሁለቴ ከመለሱ በኋላ «ፊቱን አይቼ፣ ድምፁን ሰምቼ ካልሆነ ልጄን አልሰጥም» አሉ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ ጋሽ ሰብስቤ፣ የባስልኤል ሟች እናት ያክስት ልጅ ናቸውና፣ ጊዜው ያመጣውን ወግ እንቀበል ብለው ቪዲዮ ኮሉን አመቻቹ።

ሁለቱ የተገናኙት ከሁለት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ፣ በዘመድ ሠርግ ነበር። አንድ ሳምንት አብረው ሰነበቱ፤ ከዚያ ወዲህ ፍቅራቸው በስልክ፣ በዓመት አንዴ ወይ ሁለቴ ደግሞ በአውሮፕላን ማረፊያ ነው። ባስልኤል በቀን ትራክተር ይጠግናል። ከዚያ በላይ ግን የመንደሩ እሳት አደጋ ተከላካይ ነው። በዚያ ገጠር እሳት አደጋ ተከላካይ እንደ ከተማው ጣቢያ ውስጥ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ዳቦ ጋጋሪው፣ አስተማሪዋ፣ መካኒኩ ወገባቸው ላይ ፔጀር የሚባል ትንሽ የጥሪ መሣሪያ ታጥቀው ሥራቸውን ይውላሉ፤ ሲጮህ የያዙትን ጥለው ይሮጣሉ። አራት ሰው ካልሞላ መኪናው ንቅንቅ አይልም። ባስልኤል ብዙውን ጊዜ አራተኛው ሰው ነው።

እሌኒ ያንን ፔጀር እንደ ጣውንት ነበር የምታየው። ስንቱን ጣፋጭ ወሬ ከመሃል ቆርጦባታል! «ትናንት ሌሊት ስላንቺ...» ብሎ ይጠፋል፤ እሷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ትቀራለች። ለዛሬ ግን ቃል አስገብታዋለች። ሽማግሌዎቹ እስኪነሡ ፔጀሩን ኦፍ ያደርጋል። «ቃሌ ነው፣ እሌኒዬ» ብሏታል።

አቶ ወልደገብርኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስማኝ ልጄ» አሉት ቴሌቪዥኑን። «በሱዳን አድርጌ እዚህ አገር ስገባ በእጄ ምንም አልነበረኝም። እናቷ ስታርፍ ይቺን ልጅ...» ድምፃቸው ተሰበረ። እሌኒ አባቷን ሲያለቅሱ ያየቻቸው እናቷ የተቀበረች ቀን ብቻ ነበር። «ይቺን ልጅ ስትተውልኝ፣ ምን አለችኝ መሰለህ...»

ፔጀሩ ጮኸ።

ድምፁ በሰፊው ቴሌቪዥን ሲወጣ ቤቱን በሙሉ ሞላው። ባስልኤል ወደ ወገቡ አየ፤ ቀና ብሎ እንባ ያቀረሩትን ሰውዬ አየ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ እሌኒ አይታዋለች፤ ምን እንዳለ ግን አልተሰማም። ከዚያ ብድግ ብሎ ሄደ። በር ተላተመ። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ወንበሩ ብቻ ቀረ።

ሽማግሌዎቹ ወንበሩን አዩት። አባቷም አዩት። ማንም ተነሥቶ ቴሌቪዥኑን አላጠፋም፤ ምናልባት አሁን ይመለሳል ብለው ይሆናል፤ ምናልባትም ሽማግሌ ተቀምጦ መዝጋቱ ራሱ ሌላ ነውር መስሏቸው ይሆናል። ከቆይታ በኋላ አንዲት ግራጫ ድመት ከየት መጣች ሳትባል ወንበሩ ላይ ወጣችና ቤተ ዘመዱን አትኩራ ተመለከተች። በሌላ ቀን ቢሆን እሌኒ በሳቅ ትፈርስ ነበር። ድመቷ እግሯን ልሳ ጨረሰችና ተጠቅልላ ተኛች።

«ሰብስቤ» አሉ አቶ ወልደገብርኤል በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ። «ልጅህን ዳርልኝ ያልከኝ ለማን ነው? ለድመቷ ነው?»

ጋሽ ሰብስቤ አቀረቀሩ። እሌኒ በሩን ገፍታ ዘጋችና ግንባሯን እንጨቱ ላይ አሳረፈች። ያመማት የፔጀሩ መጮህ አልነበረም፤ ኦፍ አለመደረጉ ነበር።

*

በዚያ ሳምንት ስልኳን አላነሣችም። እንደወትሮው አባቷን ለኩላሊት እጥበት ወደ ሆስፒታል አደረሰች፤ እንደወትሮው ማሽኑ ደማቸውን ሲያጥብ አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። አቶ ወልደገብርኤል ስለ ባስልኤል አንዲት ቃል አላነሡም። ቢሳደቡ ይሻላት ነበር።

በመጨረሻ ስልኩን ያነሣችው በሥራ ቦታዋ ነው፤ ኢቶቢኮ በሚባለው የከተማው ዳር፣ ለአውሮፕላን ተሳፋሪዎች ምግብ ከሚታሸግበት መጋዘን ጓሮ፣ ፓርኪንጉ ውስጥ፣ የፀጉር መሸፈኛዋን ሳታወልቅ።

«ምን ነበር?» አለችው፣ ሰላምታም ሳትሰጠው።

«እሌኒዬ፣ እንደምን...» አለ።

«ባስልኤል፣ የተቃጠለው ምን ነበር?»

«ቶስት።»

«ምን?»

«ቶስት ነው፣ እሌኒ። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት አለ እዚህ። አንዷ እማማ ዳቦ አሳረሩ፣ አላርሙ ጮኸ። ስንደርስ መስኮት ከፍተው በፎጣ እያራገቡ ነበር።»

እሌኒ ሳቀች። ሳቁ ከየት እንደመጣ አታውቅም፤ ሲያበቃም ለቅሶ ሆኖ ነበር ያበቃው።

«ኦፍ አደርጋለሁ ብለኸኛል እኮ!»

«አድርጌው ነበር። ጠዋት ኦፍ አደረግሁት። ከዚያ አስተማሪዋ ልጇ ታሞባት ወጣች። ሦስት ሰው ቀረ። ሦስት ሰው ማለት መኪናው ቆመ ማለት ነው። እሑድ ከሰዓት ምን ይመጣል ብዬ መልሼ ኦን አደረግሁት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«እምቢ ትይኝ ነበራ።»

«አዎ! እምቢ እልህ ነበር!»

ጮኸችበት እንጂ ምክንያቱን ታውቃለች። አንዴ ነው የነገራት፣ አንዴ ብቻ። ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው፣ የእናቱ መኪና በበረዶ ተንሸራቶ ከቦይ ገባ። እናቱ ከብረቱ ሥር ሆነው ያወሩት ነበር። ብረት ቆርጦ ሰው የሚያወጣው የእሳት አደጋው መኪና በዚያው መንደር፣ በዓይን በሚታይ ርቀት ቆሟል፤ የቆመው ግን ሦስት ሰው ብቻ ስለነበረ ነው። ሩቅ ካለው ከተማ ሌላ መኪና እስኪመጣ ባስልኤል በተሰበረው መስኮት እጁን ሰዶ የእናቱን እጅ ይዞ ቆየ። መኪናው ሲደርስ እናቱ ማውራት አቁመው ነበር። በዚያው ዓመት ሄዶ ተመዘገበ።

ይህን እያወቀች መቆጣቷ አሳፈራት፤ አሳፍሯትም ቁጣው አልበረደላትም። አንድ ሰው ሁለቱንም ሊሸከም ይችላል ብሎ የነገራት አልነበረም።

«ስማኝ» አለችው አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «አባባ የሰው ነፍስ ቢሆን ኖሮ ይቅር ይሉህ ነበር። አውቃቸዋለሁ። ጋሽ ሰብስቤም ኮል አድርገውልኝ ይሄንኑ ነው ያሉኝ። ቤት ተቃጥሎ ነበር በል። ሰው አወጣን በል።»

«ውሸት ይዤ ነው እቤታችሁ የምገባው?»

«እውነቱ ምን ጠቀመን?»

«እመጣለሁ» አላት። «ራሴ መጥቼ አናግራቸዋለሁ።» እሌኒ ሺፍቷ እስኪጀምር እዚያው ቆመች፤ ይምጣ ማለቷ ነው አይምጣ፣ ለራሷም አልገባትም።

*

ባስልኤል ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ቶሮንቶ መጣ። ያንኑ ሱፍ ለብሷል፤ በቴሌቪዥን ያላየችው ነገር ቢኖር እጅጌው እንዳጠረው ነው። ጋሽ ሰብስቤ ከኋላው ናቸው። ዛሬ እሌኒ አልተደበቀችም፤ ሻይ ይዛ ሳሎን ቆማለች።

አቶ ወልደገብርኤል ከምርኩዛቸው ጋር እየታገሉ ተነሡ። ለማንም አይነሡም ነበር። ባስልኤልን ትከሻውን አቅፈው፣ ግራና ቀኝ ሳሙት።

«ጀግናዬ» አሉት። «እኔ ሽማግሌው ሳላውቅ አዘንኩብህ። ሰብስቤ ሁሉን ነገረኝ። ሁለት ሕፃን ከእሳት አወጣ አለኝ። ተቀመጥ፣ ተቀመጥ ልጄ። ስንት ዓመታቸው ነው ሕፃናቱ?»

ጋሽ ሰብስቤ ሳላቸው። ባስልኤል ቀና ብሎ እሌኒን አያት። እሌኒም በዓይኗ ለመነችው። ዕድሜያቸውን ብቻ፤ አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚጠበቅብህ፤ አራት በል፣ ስድስት በል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር የኛ ነው። እንዲህ አድርጋ ሰው ለምና አታውቅም።

አያት፤ ደግሞም ገባው። ዓይኑን ከእሷ ሲነቅል አንድ ነገር ከደረቷ አብሮ ተነቀለ።

«ጋሽ ወልደገብርኤል፣ ሕፃን አልነበረም» አለ። «እሳትም አልነበረም። ዳቦ ነው ያረረው።»

«ምን አልክ?»

«ያረረ ዳቦ ነበር። የእርስዎን ቃል አቋርጬ የሄድኩት ለእሱ ነው። ስወጣ አላውቅም፤ ፔጀሩ ቦታውን እንጂ ምን እንደሆነ አይነግረንም። ግን ዳቦ ነበር።»

አቶ ወልደገብርኤል ቀስ ብለው ተቀመጡ። ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው ሁለት እጃቸውን ጫኑበት።

«ልጄ ምጥ ላይ ሆና ያ ነገር ቢጮህስ?»

«ያን ቀን ኦፍ አደርገዋለሁ።»

«የኔንም ቀን ኦፍ አደርጋለሁ ብለህ ነበር አሉ።»

ባስልኤል ጆሮው ድረስ ቀላ። «እውነትዎን ነው» አለ። «ቃሌን አጥፌያለሁ፣ ጋሼ።»

እሌኒ ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አለቀ፣ አለቀ ትላለች በልቧ። ያን ጊዜ አቶ ወልደገብርኤል ወደ ጋሽ ሰብስቤ ዞሩ።

«አንተ በዚህ ዕድሜህ፣ በሽበትህ፣ ውሸት ተሸክመህ ደጄን ረገጥክ። ይሄ ልጅ የተቃጠለ ዳቦውን ይዞ ገባ።» ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሌኒ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች፤ እየሳቁ ነበር። ስቀው ስቀው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠርዝ አበሱ። «ተነሥ ባስልኤል። ልጄን ሰጥቼሃለሁ።»

ጋሽ ሰብስቤ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ባስልኤል ተንበርክኮ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ።

«ውሰዳት» አሉ አቶ ወልደገብርኤል ራሱን እየዳበሱ። «ወደ አገርህ ውሰዳት። እኔን ስትጠብቅ ወጣትነቷ ሆስፒታል ወንበር ላይ አለቀ። እንዲህ አትመልከቺኝ እሌኒ፣ ግድ የለም። ለበሽተኛ የሚመጣ መኪና አለ አይደል? ጠዋት ይወስደኛል፣ ሲያበቃ ይመልሰኛል። ምን ጎደለኝ?»

ይህን ሲሉ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወረደ። የሸሚዛቸው ቁልፍ ተዛንፏል፤ ጠዋት እሷ ሥራ ላይ ስለነበረች ራሳቸው ነበሩ የቆለፉት። መርፌ የሚገባበት ክንዳቸው አብጦ፣ ጠቁሯል።

እሌኒ ሁለት ዓመት ሙሉ «አባባ እምቢ ብለው ነው» ስትል ኖራለች። ለባስልኤልም፣ ለጓደኞቿም፣ በጸሎቷም ለእግዜሩ። አሁን አባባ እሺ አሉ። ደስታው መጥቶ እንዲያጥለቀልቃት ቆማ ጠበቀችው። አልመጣም። መጥቶ ያገኛት ፍርሃት ነበር።

*

ከሕንፃው ሥር፣ ፊንች መንገድ ላይ፣ የአውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ቆሙ። ነፋሱ የደረቀ ቅጠል እየነዳ ጫማቸው ሥር ያከማቻል። ባስልኤል ከረባቱን ፈቶ ኪሱ ከቷል። ሊስቅ ሲል ፊቷን አይቶ ተወው።

«ደስ አላለሽም» አላት።

«ብሎኛል።»

«እሌኒ።»

«ማሽኑ ላይ ሲተኙ እጄን ይይዛሉ» አለች መንገዱን እያየች። «መኪናው ይወስዳቸዋል፣ አዎ። ግን መኪና እጅ አይዝም። ባለፈው የደም ግፊታቸው ወርዶ ዓይናቸው ተገለበጠ። ነርሶቹ ሁሉ ከበቧቸው፤ እሳቸው ግን እሌኒ፣ እሌኒ ነበር የሚሉት። ወንድሜ ካልጋሪ ነው፤ እሑድ እሑድ ይደውላል። እኔ ከሄድኩ ማንን ነው የሚጠሩት?»

ባስልኤልም ያበጠውን ክንድ፣ የተዛነፈውን ቁልፍ አይቷል።

«አንተ ና» አለችው ድንገት ኮቱን ጨብጣ። «እዚህም እሳት አለ እኮ! እዚህም መኪና አለ! እባክህ!»

«እዚህ ሰው ሞልቷል፣ የኔ እመቤት። አንዱ ቢቀር ሌላው ይወጣል። እዚያ እኔ ከወጣሁ ሦስት ናቸው። ሦስት ከሆኑ ደግሞ የበላዮቹ ጣቢያውን ይዘጉታል፤ ምክንያት ነው የሚፈልጉት።» ኮቱን በጨበጠው እጇ ላይ እጁን ደረበ። «ሌላ ልጅ የእናቱን እጅ በመስኮት ይዞ ሲቆም ይታየኛል። እዚህ አጠገብሽ ተኝቼ ያ ነው የሚታየኝ።»

እጇ ከኮቱ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ። የወደደችው እኮ ለዚህ ነበር። ዳንፎርዝ ላይ በዚያ ሠርግ አንዲት አሮጊት ሲያዞራቸው፣ ሰው ሁሉ ሲጨፍር እሱ ብቻ አይቶ የሮጠ ዕለት ነው ልቧ የሄደው። ሰው ጥሎ የማይሄድ ወንድ ፈልጋ አገኘች፤ ያገኘችው ግን ሌሎች ሰዎችን ጥሎ አይሄድም።

«እንጠብቅ» አለ ባስልኤል። «አልቸኩልም እኔ። ዝም ብለን እንጠብቅ።»

«ምንን?»

መልሱን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ በዚያው ቅጽበት ሁለቱም መልሱ ምን እንደሆነ ገባቸው። ባስልኤል እጁን አፉ ላይ አደረገ፤ ቃሉ ራሱ እንዳያመልጠው የፈራ ይመስላል።

«አየህ?» አለችው፣ እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ። «የምንጠብቀው አባቴ እስኪሞቱ ነው። ሌላ ምንም የለም የሚጠበቅ። መርቀው ሰጥተውኛል፤ እኔ ደግሞ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ትንፋሻቸውን እየቆጠርኩ፣ መቼ ይሆን እያልኩ... አልችልም ባስልኤል። እንደዚያ ሆኜ ብመጣልህ እኔ አልሆንም የምመጣው።»

«እኔም አልጠይቅሽም» አለ። «በፍጹም አልጠይቅሽም።»

ተቃቀፉ። አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ፤ ሾፌሩ ትንሽ ጠበቃቸው፤ ዘግቶ ሄደ። ሁለተኛውም መጣና ሄደ። በሦስተኛው ባስልኤል ተሳፈረ። እሌኒ እጇን እንኳ አላነሣችም፤ ብታነሣው የምትመልሰው መስሏት ፈርታ ነበር።

*

ሊፍቱ ተበላሽቶ ደረጃውን በእግሯ ወጣች። በሩን ስትከፍት የአባቷ ድምፅ ተቀበላት። ከልጅነቷ ወዲህ በዚህ ጉልበት ሲናገሩ ሰምታቸው አታውቅም። ካልጋሪ፣ ለወንድሟ ደውለው ነበር።

«ሰጠሁ አልኩህ እኮ! ደግ ልጅ ነው፣ የታመነ። አሁንማ ሞት ቢመጣ ግድ የለኝም፤ ልጄን ሰው እጅ አስገባሁ። ቆይ፣ ቆይ፣ መጣች።» ስልኩን ዘረጉላት። ፊታቸው በርቷል።

«እህቴ! ኮንግራጁሌሽንስ!» ይላል ወንድሟ። «መቼ ነው ሠርጉ?»

«እነግርሃለሁ» አለችና ዘጋችው።

አቶ ወልደገብርኤል ከታች ወደ ላይ ያዩዋት ነበር፤ አብጦ በጠቆረው ክንዳቸው ጋቢያቸውን ወደ ጎን ሰብስበው ቦታ ለቀቁላት። እሌኒ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷን ጠላቻቸው። አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ ነበር፤ ግን ነበር፤ ከውስጧ ሲያልፍ አይታዋለች። አጠገባቸው ወድቃ እጃቸውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ፊቷን ጋቢያቸው ውስጥ ቀብራ፣ እናቷ በሞተች ጊዜ እንኳ ባላለቀሰችው ለቅሶ አለቀሰች።

አባቷ ፀጉሯን ደባበሱላት።

«አይዞሽ፣ አልቅሺ» አሉ በደስታ ተሞልተው። «እናትሽም የተዳረች ዕለት እንዲሁ ነበር ያለቀሰችው።»